ያልዛገው ብረት

ከቦንጋ ወደ ሚዛን ተፈሪ ሲኬድ፣ በሸዋ ቤንች በኩል መንገዱ ተራራውን በቆረጠበት ሁሉ የሚታየው አፈር ቀይ ነው። የቡና ለቃሚውን እግር፣ የተማሪውን ደብተር፣ የአይሱዙውን ጎማ ያቀላል። ቀለሙ ከብረት የመጣ መሆኑን ትምህርት ቤት የገባ ሰው ሰምቷል፤ ደማችንም በብረት መቅላቱን እንዲሁ። ሁለቱን አጋጥሞ «ሰው ከአፈር ነው» ብሎ ማለፍ ይቻላል። የሃይማኖት አባቶቻችን የሰው ሥጋ ከእሳት፣ ከነፋስ፣ ከውሃና ከመሬት መበጀቱን ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ የብረቱ ነገር ለዚህ ትምህርት ምስክር መስሎ ይታያል። እኔን ግን ከመመሳሰላቸው ይልቅ ልዩነታቸው እንቅልፍ ይነሳኛል። የአፈሩ ብረት ዝጓል። የደሙ ብረት አልዛገም። ሁለቱም ከውሃ አይለዩም፣ ሁለቱንም ኦክስጅን ያገኛቸዋል፤ ደምማ ኦክስጅንን ተሸክሞ የሚውል ነው። ታዲያ አንዱን ያዛገ ነገር ሌላውን እንዴት ማረው? ስለ ሕይወት አጀማመር የሚነሳው ትልቁ ጥያቄ በዚህች ትንሽ ጥያቄ ውስጥ ይገኛል ብዬ አምናለሁ።

አፈሩ እንዴት እንደዛገ መናገር አይከብድም። ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊትና ከዚያም ቀደም ብሎ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ላይ የፈሰሰው ቅልጥ ዓለት ቀዝቅዞ ጥቁር ባዛልት ሆነ። በዚያ ድንጋይ ውስጥ የነበረው ብረት ገና የሚሰጠው ኤሌክትሮን ያለው፣ ሥራ የሚጠብቀው ብረት ነበር። አገሩ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊሜትር የሚጠጋ ዝናብ የሚያገኝ ነውና ውሃው ካልሲየሙን፣ ሶዲየሙን፣ ፖታሲየሙንና ማግኒዥየሙን እያጠበ ወደ ወንዞቹ ወሰደው። ብረቱና አሉሚኒየሙ ቀሩ። ብረቱ ኤሌክትሮኑን ለኦክስጅን አስረክቦ ዛገ፤ ከዚያ ወዲያ በውሃ የማይሟሟ፣ በቦታው የተኛ ነገር ሆነ። ቀይ አፈር ሥራውን የጨረሰ ብረት ነው።

የደሙን ብረት ለማየት ግን ብዙ ተደክሟል። ቪየና ተወልዶ ካምብሪጅ የሠራው ማክስ ፔሩትዝ የሄሞግሎቢንን ቅርጽ በኤክስሬይ ለማወቅ በ1930ዎቹ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1959 ነው ከመልሱ የደረሰው። በ1962 ከጆን ኬንድሪው ጋር የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። የተገኘው ይህ ነበር፦ አራት የፕሮቲን ሰንሰለቶች ተጠምዝዘው ተቃቅፈዋል፤ በእያንዳንዳቸው ውስጥ ሄም የሚባል ጠፍጣፋ ቀለበት አለ፤ በቀለበቱ እምብርት አንድ የብረት አቶም ተቀምጧል። ይህ ሄም ብቻውን ውሃ ውስጥ ሆኖ ኦክስጅን ቢያገኘው ብዙም ሳይቆይ ይበላሻል። ሁለት ሄሞች አንድ ኦክስጅን በመካከላቸው አስገብተው ይጣበቃሉ፤ ብረታቸው ይዝጋል፤ በራሱ አይመለስም። በሄሞግሎቢን ውስጥ ግን ሰንሰለቱ ታጥፎ ጠባብ ኪስ ሠርቶለታል። ሌላ ሄም አይጠጋውም፣ ውሃም እንደልብ አይገባበትም፤ ከአንድ ወገን ሂስቲዲን የሚባል አሚኖ አሲድ ብረቱን ጨብጦ ይይዘዋል። ኦክስጅን ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ከሳንባ እስከ እግር ጣት ይጓዛል፣ ይወርዳል። ብረቱ እንደነበረ ይቀራል። እንዲህ ተጠብቆም በየቀኑ ከመቶው እስከ ሦስት የሚሆነው ሄሞግሎቢን ብረቱ ኤሌክትሮን እያጣ ከሥራ ይወጣል። ለዚህ ደግሞ ኤሌክትሮን እያቀበለ የሚመልሰው የጥገና ኢንዛይም አለ። ጤናማ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ከዝገት ጋር ሲታገል ይኖራል፤ አይታወቀውም እንጂ።

በቡና አገር ከሰው እጅ የማይለየው መሣሪያ ገጀራ ነው። ስለቱ እጀታ ባይኖረውም ይቆርጣል፤ ነገር ግን የያዘውንም እጅ ይቆርጣል። ፕሮቲን ለብረት እጀታው ነው። ኃይሉን ፕሮቲን አልፈጠረውም፤ ኤሌክትሮን የመስጠትና የመቀበል ችሎታው ከብረቱ ጋር የተፈጠረ ነው። ፕሮቲን ያመጣው ልኩን ነው፤ መቼ፣ ለማን፣ ምን ያህል የሚለውን። በአንድ አዋቂ ሰው አካል ውስጥ ያለው ብረት በጠቅላላው ከ3 እስከ 4 ግራም ነው፤ ከዚህም ሁለት ሦስተኛው ገደማ በሄሞግሎቢን ውስጥ ነው። በሕያዋን ውስጥ ካሉት ፕሮቲኖች ደግሞ ሲሶ ገደማ የሚሆኑት ያለ ብረት፣ ያለ ዚንክ፣ ያለ መዳብ፣ ያለ ማግኒዥየም ወይም ያለ ሌላ መሰላቸው ሥራቸውን አይሠሩም።

እንግዲህ ከብረትና ከፕሮቲን ማን ቀደመ? ስታንሊ ሚለር በ1953 ጋዞችን በመስታወት ዕቃ ውስጥ ዘግቶ በኤሌክትሪክ ብልጭታ አሚኖ አሲዶችን ሲያገኝ ብዙዎች መልሱ የቀረበ መሰላቸው። አሚኖ አሲድ ግን ገና ፕሮቲን አይደለም። ፕሮቲን በዘረ መል ትእዛዝ ይሰደራል፤ ዘረ መልም በፕሮቲን እጅ ይገለበጣል። ዙሩ ከየት እንደሚጀመር አይታይም። የአር ኤን ኤ ተመራማሪዎች ዙሩን በራሱ በአር ኤን ኤ ሊሰብሩት ይሞክራሉ፤ ብዙ ርቀትም ሄደዋል። ሌሎች ደግሞ ከሁለቱም በፊት ሥራውን ሲሠራ የነበረ ማን ነው ብለው ይጠይቃሉ። ክርክሩ አልተዘጋም። እኔ ልቤ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ያዘነብላል፤ ምክንያቱንም እናገራለሁ።

ጉንተር ቬክተርስሆይዘር በኬሚስትሪ ሠልጥኖ ሙኒክ ውስጥ በፓተንት ጥብቅና የሚተዳደር ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣው ሐሳብ፣ ሕይወት የተጀመረው ከምድር ሆድ ትኩስ ውሃ በሚወጣበት ስፍራ፣ በብረትና በድኝ ማዕድን ገጽ ላይ ነው የሚል ነው። ብረትና ድኝ ያሉበት ማዕድን ከሃይድሮጅን ሰልፋይድ ጋር ተገናኝቶ ወደ ፒራይት ሲለወጥ ኃይል ይለቀቃል፤ በዚያ ኃይል ካርቦን ከካርቦን ይያያዛል፣ ይሰናሰላል። ትኩስ ምንጮቹ በውቅያኖስ ወለል ላይ፣ በጋላፓጎስ አካባቢ፣ በ1977 ተገኝተው ነበር፤ ፀሐይ በማይደርስበት ጨለማ ውስጥ በዙሪያቸው የሞላው ሕይወት ሁሉንም አስደንቋል። በ1997 ይኸው ሰው ከክላውዲያ ሁበር ጋር በብረትና በኒኬል ሰልፋይድ ላይ ከካርቦን ሞኖክሳይድ ተነስቶ ሁለት ካርቦኖችን አያያዘ፤ አሴቲክ አሲድ፣ ማለት የሆምጣጤው አሲድ፣ ተገኘ። ዛሬም በሃይድሮጅንና በካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ይህንኑ ሥራ የሚሠሩት ኒኬል፣ ብረትና ድኝ በያዘ ኢንዛይም ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት የተጻፈች አንዲት ጥናት ደግሞ አለች፤ ለእኔ ከሁሉም ትበልጣለች። ሪቻርድ ኤክና ማርጋሬት ዴይሆፍ በ1966 ፌሬዶክሲን የሚባለውን ትንሽ ፕሮቲን መረመሩ። ሰንሰለቱ 55 አሚኖ አሲድ ብቻ ነው። ሥራው ኤሌክትሮን ማቀበል ሲሆን፣ ይህን የሚያደርገው በውስጡ በያዛቸው የብረትና የድኝ ቁርጥራጮች ነው። ሁለቱ ተመራማሪዎች የሰንሰለቱ ግማሽ ሌላውን ግማሽ እንደሚመስል አዩ። ከዚያም ወደ ኋላ እየቆጠሩ፣ መጀመሪያ ላይ አራት አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሏት አጭር ሐረግ ተደጋግማ፣ ረዝማ፣ በመጨረሻም በእጥፍ ተባዝታ ይህን ፕሮቲን ሠራች ብለው ገመቱ። ልብ ይሏል፦ እኔ እንደምረዳው የመጀመሪያዋ ሐረግ ጥበብ አልነበራትም። ሥራው አስቀድሞ በማዕድኑ ላይ ይሠራ ነበር። አጭር ሰንሰለት መጥታ የማዕድኑን ቁራጭ በድኟ ያዘችው፤ የያዘችው ተጠቀመች፤ ሰንሰለቷ ረዘመች። ፕሮቲን በብረት ቤት ተቀጥሮ የገባ ሠራተኛ ነበር፤ ቆይቶ ባለቤት ሆነ።

በ2019 ደግሞ ካሚላ ሙሆቭስካ፣ ስሪጂት ቫርማና ጆሴፍ ሞራን ስትራስቡርግ ውስጥ ሁለት ቀላል የካርቦን ውሁዶችን ከብረት ጋር በ70 ዲግሪ ውሃ ውስጥ አቆዩ። ኢንዛይም የለም፤ ዘረ መል የለም። ምግብ በሴል ውስጥ ከሚቃጠልበት ዑደት 11 መካከለኛ ውሁዶች 9ኙ ተገኙ። ይህ ሕይወት አይደለም፤ ነገር ግን ሕይወት ሲመጣ መንገዱ ቀድሞ ተጠርጎ ሊሆን እንደሚችል ያሳያል።

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን ምድጃ መዞር አለብኝ። ከሚዛን በደቡብ ምሥራቅ፣ ከኦሞ ወንዝ ማዶ ያሉት ዲሜዎች ከራሳቸው ተራራ ድንጋይ እያወጡ፣ በከሰልና በወናፍ ብረት እያቀለጡ ለጎረቤቶቻቸው የሚያቀርቡ ሕዝብ ነበሩ። በምድጃው ውስጥ የሚሆነው፣ ከሰሉ ኤሌክትሮን ሰጥቶ የዛገውን ብረት መመለሱ ነው። በጥንቱ ውቅያኖስ ወለል ሆነ ብዬ የማምነው የዚህ ግልባጭ ነው፤ እዚያ ብረቱ ሰጠ፣ ካርቦኑ ተቀበለ። ቀላጩ ከሰልና ድንጋይ ይዞ ሲቀመጥ የሕይወትን የመጀመሪያ ውል ከኋላ ወደ ፊት እያነበበው ነበር ማለት ነው። እኛ ግን ይህን ሰው ምን አደረግነው? በዲሜም፣ በከፋም፣ በሰሜኑም ብረት የሚነካ እጅ ተናቀ። ቀጥቃጭ ተባለ፣ ቡዳ ተባለ፤ ከእርሱ ጋር መጋባት ነውር ሆነ። ማረሻውን ከእጁ እየተቀበለ ማዕዱን የሚከለክል ገበሬ፣ እያንዳንዱ ትንፋሹ በብረት ሥራ እንደሚቆም ቢያውቅ ምን ይል ነበር? ይህ ንቀት በደል ነው። ገና አላለቀም፤ ልናፍርበትም ይገባል።

ብረትና ሙቀት ብቻ ግን አይበቃም። ይህን የሚያረጋግጥ ስፍራ በአገራችን አለ። በአፋር ዳሎል፣ ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው ምድር፣ ትኩስ ውሃ በጨው መካከል ይፈልቃል። ቢጫው፣ አረንጓዴውና ቡናማው ቀለም በአመዛኙ በተለያየ የዝገት ደረጃ ላይ ካለ ብረት የሚመጣ ነው። አሲድነቱ በፒኤች ልኬት ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ ከዚያም በታች ይሄዳል። ተመራማሪዋ ፑሪፊካሲዮን ሎፔዝ ጋርሲያ ያለችበት ቡድን በ2019 ባወጣው ጥናት፣ አሲዱና ጨዉ በአንድነት በበረቱባቸው ኩሬዎች ሕይወት አልተገኘም፤ ማግኒዥየም በበዛባቸውም እንዲሁ። በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን ከዳሎል ማዕድን ውስጥ እጅግ ጥቃቅን ተሕዋስያን አየሁ ብሎ ጽፏልና ሙግት አለ። እኔ ከማግኒዥየሙ ላይ እቆያለሁ። ማግኒዥየም የቅጠል አረንጓዴ እምብርት ነው፤ ሄም ብረትን እንደያዘ ሁሉ ክሎሮፊል በተመሳሳይ ቀለበት ማግኒዥየምን ይይዛል። ጎመን ብዙ ሲበስል አረንጓዴው ወደ ቡናማ የሚጠጋው ማግኒዥየሙ ከቀለበቱ ስለሚወጣ ነው፤ በቤንችና በአካባቢው ከቅመም ጋር ተፈልቶ የሚጠጣው የቡና ቅጠልም በድስቱ ውስጥ በዚሁ መንገድ ያልፋል። አንድ አቶም በቀለበት ተይዞ የፀሐይን ብርሃን ምግብ ወደ ማድረግ ያደርሳል። ያው አቶም ልቅ ሆኖ ኩሬ ሲሞላ የፕሮቲንን መታጠፍ ያፈርሳል። ዳሎል ለእኔ ሁሉም ነገር ያለበት፣ ልክ ብቻ የጠፋበት ምድር ነው።

ከ2.4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ኦክስጅን በአየር ውስጥ መከማቸት ሲጀምር፣ በውቅያኖስ ሟሙቶ የነበረው ብረት እየዛገ ወደ ወለሉ ሰጠመ። ያ ብረት ያኖራቸው ፍጥረታት በገዛ ዘመዶቻቸው እስትንፋስ ድሃ ሆኑ። ሕይወት ግን አሮጌውን ሥራ አልጣለም። ደብቆ ያዘው። የተደበቀበትን ለማየት የቡና ጥላ ከሆነችው ከብርብራ ሥር መቆፈር ይበቃል። ብርብራ ከባቄላ ወገን ናትና በሥሯ ላይ ትናንሽ እባጮች ይበቅላሉ። እባጩ በጥፍር ሲሰነጠቅ ውስጡ ቀይ ነው፤ ደም የመሰለ ቀይ። ቀለሙ የደማችን ዘመድ ከሆነ ብረት ያዥ ፕሮቲን የመጣ ነው። በእባጩ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች የአየሩን ናይትሮጅን ወደ ማዳበሪያ የሚለውጥ ኢንዛይም አላቸው፤ ልቡ 1 ሞሊብዲነም፣ 7 ብረትና 9 ድኝ የያዘ ነው። ይህ ኢንዛይም ኦክስጅን ሲነካው ይሞታል። ቀዩ ፕሮቲን ኦክስጅኑን እየለካ፣ ለመተንፈሻ የሚበቃውን ብቻ ያሳልፋል። ገበሬው የሚገዛው ዩሪያም መነሻው የሚሠራው በብረት ላይ ነው፤ ግን ከ400 ዲግሪ በሚበልጥ ሙቀትና ከአየር ግፊት ከመቶ እጥፍ በላይ በሆነ ግፊት። ብርብራ ይህን በአፈር ሙቀት፣ ያለ ጭስ ታደርገዋለች። በቡና ማሳ ውስጥ ብርብራ ሲቆረጥ የሚወድቀው ጥላ ብቻ አይደለም።

የብረትና የፕሮቲን ውል የሚሰረቅም ነው። የወባ ተሕዋስ በቀይ የደም ሴል ውስጥ ገብቶ ሄሞግሎቢንን ይበላል። ፕሮቲኑን ይፈጨዋል፤ ሄሙ ግን ይተርፈዋል፣ ይመርዘዋልም። ስለዚህ እየደረደረ ጥቁር ቡናማ ክሪስታል አድርጎ ያስቀምጠዋል። አልፎንስ ላቬራን በ1880 አልጄሪያ ውስጥ በወታደሮች ደም ያየው ጥቁር ነገር ይህ ነበር። ክሎሮኪን የሚሠራው ይህን መደርደር በመከልከል ነው። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2004 ለፋልሲፓረም ወባ የተቀበለችው ኮአርተም ውስጥ ካሉት መድኃኒቶች አንዱ ደግሞ ከዚያው ብረት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል፤ ሌባው በሰረቀው ይያዛል። ከሚዛን ወደ በበቃና ወደ ቴፒ ቆላ ለለቀማ የሚወርድ ሰው ይህን ጦርነት በደሙ ይዞ ሊመለስ ይችላል። ሰውነትም ብረቱን ከወራሪ የመደበቅ የቆየ ልማድ አለው። በ2006 በዛንዚባር ፔምባ ደሴት የተደረገ ጥናት፣ ወባ በበረታበት ቦታ ለሕፃናት በደፈናው ብረትና ፎሊክ አሲድ መስጠት የሆስፒታል መግባትንና ሞትን መጨመሩን አሳየ። እጥረቱ ይጎዳል፤ ያለ ልክ መስጠቱም ይጎዳል።

በመጨረሻ ወደ ቀዩ አፈር እመለሳለሁ፤ በእርሱ ላይ በባዶ እግር የሚቆም ሰው አለና። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታና ብዙ ዝናብ ባለበት አገር፣ እግርን የሚያሳብጥ ሕመም ይገኛል። ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል፤ በሕክምና ፖዶኮኒዮሲስ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ለረጅም ዘመን የሠራው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ መንስኤው ትል አለመሆኑን አሳየ፤ ደቃቅ የአፈር ቅንጣቶች በእግር ቆዳ ገብተው በእጢዎች ውስጥ ተከማችተው አገኛቸው። በአንድ ማሳ ላይ ከቆሙት አንዱ ታሞ ሌላው የሚድነው ለምንድን ነው ለሚለው፣ ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ በ2012 ከደቡብ ኢትዮጵያ ሰዎች ባገኙት መረጃ፣ ተጋላጭነቱ ከኤች ኤል ኤ ዘረ መሎች ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳተሙ። እነዚህ ዘረ መሎች የሚሠሯቸው ፕሮቲኖች ወደ ሰውነት የገባውን ባዕድ ነገር ለመከላከያ ሴሎች የሚያሳዩ ናቸው። ማዕድንና ፕሮቲን ዛሬም ይገናኛሉ፤ እዚህ ግን ኪስ የለም፣ ልክ የለም፤ ያለው ዓመታት የሚቆይ ብግነት ነው።

ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የእርግማን ውጤት አይደለም። የታመመውን ማግለል፣ ልጁን ለጋብቻ መከልከል፣ በቀጥቃጩ ላይ የተሠራውን በደል መድገም ነው። መከላከያውም ይታወቃል፦ ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግ፣ ማታ ማታ እግርን በውሃና በሳሙና መታጠብ። በቀይ አፈር ላይ ሰው የምታሠሩ የቡና ባለቤቶች፣ ቀይ እሸቱ ደርሶ ለቀማ ከመጀመሩ በፊት ለለቃሚዎቻችሁ ጫማ ግዙላቸው።